የጭሱ ባለቤት ማን ነው?

ከቃሊቲ አደባባይ ወደ አቃቂ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር በማለዳ የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሠራተኛ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚገሰግሰው ተማሪ፣ ከኪዳን የሚመለሱት እናት፣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሁሉም አንድ ዐይነት እንቅስቃሴ ያደርጋሉ፤ እናቲቱ የነጠላቸውን ጫፍ፣ ተማሪው የሹራቡን እጅጌ፣ ሠራተኛው መዳፉን ወደ አፍንጫው ያነሣል። ጥቁሩ ጭስ ሲያልፍ እጃቸውን አውርደው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ማንም አይቈጣም፤ ማንም አይጠይቅም። ለዝናብ ጥላ እንደሚዘረጋ፣ ለፀሐይ ዛፍ ሥር እንደሚጠጉ ሁሉ፣ ጭሱም ከሰማይ የወረደና ባለቤት የሌለው ነገር ይመስል ተለምዷል።

እኛም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ስናደርግ ኖረናል። ከዚህ ልማድ የቀሰቀሰችን በቃሊቲ መናኸሪያ አቅራቢያ በቆሎ እየጠበሰች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ናት። የመጨረሻ ልጇ አስም አለበት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገኘናትና ስለ ልጇ ጤና ብንጠይቃት እንዲህ አለችን፤ «የሐኪም ቤቱ ሰው ልጁን ከጭስ አርቂው አለኝ። ከራሴ ምድጃ ጭስ አራቅሁት፤ ጎረቤቴ ዘንድ ይውላል። ከመንገዱ ጭስ ግን ወዴት ልውሰደው? ለመሆኑ እናንተ የተማራችሁት፣ ይህ ነገር አቤት የሚባለው ለማን ነው?»

ይህን ስትጠይቀን እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን አንዱ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው አለ፤ ሌላው የመንግሥት ነው አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ «ዘመኑ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከሦስቱ መልሶች አንዱም ለእርሷ የሚረባ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ሳንመልስላት የቀረነውን ጥያቄ በሚገባ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። ጥያቄው በመሠረቱ ስለ ጭስ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሰው እጅ ባለበት ጥፋት ውስጥ ማን ምን ያህል ይጠየቃል የሚል የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

በር የሆነ ሰፈር

አቃቂ ከጥንት ጀምሮ የዋና ከተማችን በር ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1917 ነው። ከዚያ ወዲህ ሀገር የሚፈልገው ዕቃ፣ ጨርቁም ብረቱም፣ ማዳበሪያውም ስንዴውም፣ አብዛኛው በዚህ በር ሲገባ ኖሯል። ፋብሪካዎች እዚህ ተተከሉ፤ የጉምሩክ መጋዘኖች እዚህ ተሠሩ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው ከአቃቂ ጉድጓዶች ይቀዳል። ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤልም በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል።

እንግዲህ የተቀረው ከተማ፣ እንዲያውም የተቀረው ሀገር፣ ከዚህ በር የሚገባውን ዕቃ ይካፈላል። ጭሱን ግን የሚካፈል የለም። ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢ፣ ነዳጅ የጫነው ቦቴ፣ አሸዋና ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሲኖትራክ፣ ጭነቱን መርካቶ ወይም ጎጃም ያራግፍ እንደሆነ እንጂ ጭሱን በየመንገዱ ዳር ላሉት ትቶ ያልፋል። አንድ ሰፈር ስለ ብዙዎች ሸክም መሸከሙ በራሱ ዐመፅ አይደለም። ቤት በር ያስፈልገዋል፤ በሩም ነፋስ ይመታዋል። ዐመፅ የሚሆነው ሸካሚው ሳይጠየቅ፣ ሸክሙ ሳይመዘን፣ ሊቀል የሚችለውም ሳይቃለል ሲቀር ነው።

የሚታየውና የማይታየው

ስለዚህ ጭስ በትክክል ለመፍረድ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥቁር ጥላሸት ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ሕመም ይናገራል፤ የተዘጋ የአየር ማጣሪያ፣ ያረጀ ኖዝል፣ ያልተስተካከለ ፖምፓ፣ ከልክ ያለፈ ጭነት። ይህን ዐይን ያያል። ነገር ግን በናፍጣው ውስጥ ዐይን የማያየው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ድኝ ነው። ድኝ ከናፍጣው ጋር ሲቃጠል ሳንባን የሚቈጠቍጥ ጋዝ ይሆናል፤ ከአየሩም ጋር ሲዋሐድ እጅግ ደቃቅ ወደ ሆነ ብናኝ ይለወጣል። ይህ ብናኝ ነጠላም ሆነ እጅጌ አያግደውም፤ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል። ከዚህም በላይ፣ ዘመናዊ መኪናዎች ጥላሸታቸውን እንዲያጣሩ የተገጠመላቸውን መሣሪያ ድኝ ያበላሸዋል። ስለዚህ ንጹሕ መኪና በቆሻሻ ነዳጅ ንጹሕ ሆኖ ሊኖር አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 ነው።

የድኙ መጠን የተፈጥሮ ግዴታ አይደለም። ነዳጅ በሚጣራበት ጊዜ ይቀነሳል፤ ምን ያህል ይቀነስ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ገዥው የሚጠይቀው ደረጃ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመኪና የሚሸጥ ናፍጣ ከሚሊዮን እጅ ከ10 እጅ የበለጠ ድኝ እንዳይኖረው ተደርጓል። ይህ የሀብታሞች ነገር ነው የሚል ቢኖር ወደ ጎረቤቶቻችን ይመልከት። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛንያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ ከጥር 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚሊዮን 50 እጅ የሚለውን ደረጃ በአንድነት ተቀብለዋል። ጋናም እስከ 3,000 እጅ ይፈቅድ የነበረውን ደረጃዋን በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ 50 አውርዳለች።

ይህን ካወቅን በኋላ ወደ መንገዱ ዳር እንመለስ። ጥቁር ጭስ ሲያልፍ የምንሰድበው ማንን ነው? ሾፌሩን ነው። ሾፌሩ በእርግጥ የሚጠየቅበት አለ፤ ሞተሩን ካላስጠገነ፣ ከልክ በላይ ከጫነ፣ ጥፋቱ የእርሱና የባለንብረቱ ነው። ነዳጁን ግን እርሱ አልመረጠውም። ማደያው ያቀረበለትን ከመቅዳት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም፤ ከሁላችንም በላይ ያንኑ ጭስ ሲተነፍስ የሚውለውም እርሱ ነው። ዐይናችን የሚታየውን ከስሶ የማይታየውን በነጻ ያሰናብታል። ትክክለኛ ፍርድ ግን በዐይን አይሰጥም። የሰው ተጠያቂነት የሚለካው በነበረው ምርጫ መጠን ነው፤ ብዙ መምረጥ የሚችል ብዙ ይጠየቃል፣ መምረጥ የማይችል ግን ስለሌላው ምርጫ አይከሰስም።

«ወረዳ ምን አገባው?»

ምርጫው ታዲያ በማን እጅ ነው? የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራውን ካቆመ ወዲህ ሀገራችን የምትጠቀመው ነዳጅ ተጣርቶ ከውጭ የሚገባ ነው። ግዢውን የሚፈጽመው ደግሞ የመንግሥት የሆነው የነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ይህ ነገር አንድ ትልቅ ትርጉም አለው። ነዳጅ በብዙ አስመጪዎች በሚገባበት ሀገር ጥራትን መቈጣጠር እንደ መንጋ ጥበቃ አድካሚ ነው፤ በእኛ ሀገር ግን በግዢው ውል ላይ የሚጻፍ አንድ ቍጥር በቃሊቲ የሚያልፈውን የእያንዳንዱን መኪና ጭስ ይለውጣል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ነገሩ እንዲህ ከሆነ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ይልቁንም ወረዳው፣ ምን አገባው? ደረጃ የሚያወጣው ሌላ፣ የሚገዛው ሌላ፣ ዋጋ የሚተምነው ሌላ። የአካባቢው አስተዳደር ቧንቧና ኮብልስቶን ይሥራ፤ በእጁ የሌለውን ነገር እደግፋለሁ ቢል ሕዝብን መደለል ይሆናል» የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት ቀላል አይደለም። የማይችለውን ቃል የሚገባ አስተዳደር በእርግጥ ይዋሻል። ሁሉም የየራሱን ሥራ ቢይዝ ሥርዐት ይጸናል የሚለውም እውነት ነው።

ይሁን እንጂ የአስተያየቱ መነሻ የሆነው መርሕ በግማሹ ብቻ የተነገረ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት ማኅበራዊ መልእክት ያስተማሩት ትምህርት ሁለት ፊት አለው፤ ታናሹ ማኅበር ራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ታላቁ እንዳይነጥቀው፣ ታናሹ ብቻውን የማይወጣውን ደግሞ ታላቁ እንዲያግዘው። ታዲያ ታላቁ የሚያግዘው ችግሩን ሲያውቅ አይደለምን? ከላይ ያለው ከታች ያለውን የሚያየው በታችኛው ዐይን ነው። የግዢ ውል የሚፈርመው ባለሥልጣን የቃሊቲን መንገድ በመስኮት ያየው ይሆናል፤ በመንገዱ ዳር ስንት ሕፃን እንደሚያስል ግን የሚያውቀው የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ነው። ያ ካርድ ክፍል ያለው ወረዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ የታናሹ ማኅበር የመጀመሪያ ግዴታ መወሰን ሳይሆን መመስከር ነው፤ ምስክርነትን ደግሞ ማንም ስለእርሱ ሊሰጥለት አይችልም።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ወገን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ብክለትን ስለመከላከልና ስለአቤቱታ መንገድ ይናገራል። መብት ግን ተሸካሚ ይፈልጋል። በቆሎ የምትጠብስ እናት አንቀጽ ጠቅሳ ፌዴራል መሥሪያ ቤት በር ላይ እንድትቆም መጠበቅ መብቱን በወረቀት ላይ መተው ነው። ለእርሷ ቅርብ የሆነው አካል ጥያቄዋን ተቀብሎ ወደ ላይ ማድረስ አለበት፤ ቅርብ የተባለውም ለዚሁ ነው።

ድጋፍ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ ይገለጣል። ድጋፍ በስብሰባ ላይ የሚነበብ የአቋም መግለጫ ብቻ አይደለም። አስተዳደሩ በመንገድ ዳር ያለው አየር እንዲለካ መጠየቅ፣ የጤና ጣቢያዎቹን መዝገብ አሰባስቦ ለከተማው ምክር ቤት በጽሑፍ ማቅረብ፣ ንጹሕ ነዳጅ ለመግዛት ሐሳብ ሲቀርብም ከጎኑ መቆም ይችላል። በእጁ ያለውንም መሥራት ይችላል። ነጭ ጋዝ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ከናፍጣ ጋር የሚቀላቅል ነጋዴ ካለ የሚያዘው በማደያው በራፍ እንጂ በወደብ አይደለም። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ የሚቀርብ መኪና በእውነት እንዲመረመር ማድረግም እንዲሁ ነው። ጭስ የሚተፋ መኪና በወረቀት ብቻ ጤነኛ ተብሎ ቢያልፍ፣ ያ ማኅተም ውሸት ነው፤ ውሸቱም ተጎጂ አለው። በመጨረሻም አስተዳደሩ የራሱን መኪናዎች ያስጠግን። ራሱ የሚያጨስ አስተዳዳሪ ሌላውን አታጭስ ሲል ማን ይሰማዋል?

ያልተሰማ ምስክርነት

«መሰከርን እንበል፤ ማን ይሰማናል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ አንድ ታሪክ እናስታውስ። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቤንዚን ሞተር እንዳያንኳኳ ተብሎ እርሳስ ያለበት ቅመም ወደ ቤንዚን ይጨመር ጀመር። በጥቅምት 1924 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ ይህን ቅመም በሚያመርት ክፍል የሚሠሩ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ፤ ሌሎች ብዙዎችም ታመሙ። ወዲያውኑ የኒው ዮርክ ከተማ ጤና ቦርድ ይህ ቤንዚን በከተማው እንዳይሸጥ ከለከለ። ፊላዴልፊያና ሌሎችም አካባቢዎች እንዲሁ አደረጉ። እነዚህ አካላት የሀገሪቱን የነዳጅ ፖሊሲ የሚያወጡ አልነበሩም፤ የሰፈራቸውን ሰው ጤና የሚጠብቁ ነበሩ። የሥራ በሽታዎች ሊቅ የነበረችው ሐኪም አሊስ ሃሚልተንም አደጋውን በይፋ ተናግራ ነበር።

ነገር ግን በ1926 እ.ኤ.አ. አንድ የፌዴራል ኮሚቴ ለመከልከል በቂ ምክንያት አላገኘሁም አለ። የኒው ዮርክም ክልከላ በ1928 ተነሣ። ከዚያ በኋላ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ዓለምን ሞላ፤ የብዙ ትውልድ ሕፃናት አእምሮ በእርሳስ ተጎዳ። የአፍሪካ ሀገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. በዳካር ተሰብስበው እርሳሱን ለማስወገድ ተስማሙ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያም ከሰሐራ በስተደቡብ ያሉ ሀገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ከእርሳስ ነጻ የሆነ ቤንዚን መጠቀም ጀመሩ። በዓለም ላይ ለመኪና የሚሆን እርሳስ ያለበት ቤንዚን መሸጥ ያበቃው በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. በአልጄርያ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ታላቁ ያልሰማው የታናሹ ምስክርነት ስላልተሰማ ሐሰት አይሆንም። የከተማው ጤና ቦርድ በአራት ዓመት ውስጥ ተሸነፈ፤ ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ ግን ዓለም ሁሉ እርሱ ወዳለው መጣ። በመካከል የተጎዱት ልጆች ግን ወደ ኋላ አይመለሱም። ሁለተኛ፣ ነዳጅ በሰው ውሳኔ የሚለወጥ ነገር ነው። ይህን እኛም በራሳችን ከተማ አይተናል። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በ2008 እ.ኤ.አ. ከመቶ 5 እጅ፣ በ2011 ደግሞ ከመቶ 10 እጅ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ ማደያዎች ተሽጧል። ነዳጅ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ በውሉም በድብልቁም ላይ የሰው እጅ አለበት።

የድኻው እንጀራስ?

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ገና አልተነሣም። ዕድሜ ልኩን በሹፌርነት አገልግሎ በዕቁብና በብድር አንድ አሮጌ ሚኒባስ የገዛ ሰው እናውቃለን። ከዚያች መኪና ስድስት ነፍስ ይበላል። «ንጹሕ ነዳጅ ዋጋው ቢጨምር እኔ ታሪፍ መጨመር አልችልም፤ ምርመራው ቢጠብቅ መኪናዬ ትቆማለች፤ ለሕፃኑ ሳንባ ብላችሁ የእኔን ልጆች ታስርባላችሁ» ቢለን ምን እንመልስለታለን?

በቅድሚያ ይህን ሰው ከባለጠጋው ጋር አንድ አድርጎ የሚመለከት ሕግ ትክክል እንዳልሆነ እንናገራለን። ሸክም እንደ ትከሻው ይከፈላል። ይህም በሀገራችን የማይቻል ነገር አይደለም። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ቀስ በቀስ ሲያነሣ፣ የሕዝብ ማመላለሻዎች ለጊዜው ድጎማው እንዲቆይላቸው አድርጎ ነበር። ያ አሠራር ጉድለት ይኑረውም አይኑረው፣ ማን መሸከም እንደሚችልና ማን እንደማይችል መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ለንጹሕ ነዳጅ የሚጨመረውም ዋጋ በዚሁ መንገድ ሊከፋፈል ይችላል። ለአሮጌ ሞተር ጥገናም ከቅጣት በፊት ጊዜና ብድር መስጠት ይቻላል።

ቀጥሎም ርካሽ ስለምንለው ነዳጅ እንጠይቅ። በእርግጥ ርካሽ ነውን? በማደያው ያልተከፈለው ዋጋ በጤና ጣቢያው ይከፈላል፤ ለልጁ በሚገዛው የአስም መድኃኒት፣ እናቲቱ ሥራ ፈትታ በምትውልበት ቀን፣ የሚኒባሱ ሾፌር ራሱ በስተርጅና በሚያስለው ሳል ይከፈላል። ልዩነቱ ይህ ዕዳ ደረሰኝ የሌለው መሆኑ ነው። ደረሰኝ ስለሌለው ማንም አይደምረውም፤ ስላልተደመረም የሌለ ይመስላል። ድኻውን በገንዘብ በድንገት ማስጨነቅ ጥፋት ነው። ድኻውን በትንፋሹ ለዘለዓለም ማስከፈል ግን የባሰ ጥፋት ነው። ሁለተኛውን ትተን የመጀመሪያውን ብቻ የምንፈራ ከሆነ፣ ስለ ድኻው ማዘናችን ሳይሆን ድኻውን ምክንያት ማድረጋችን ነው።

«ኤሌክትሪክ ይመጣል»

ሌሎች ደግሞ «ጥቂት እንታገሥ፤ ዘመነ ናፍጣ እያለፈ ነው» ይላሉ። ይህም ባዶ ተስፋ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሲሆን፣ የደቡቡ መስመር መጨረሻ ይኸው የእኛ ቃሊቲ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሄደውም አዲሱ የባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ኃይል እንደማይጠፋ ተስፋ ይሰጣል። ለእነዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባል።

ነገር ግን ማስተዋል ያለብን አለ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው ሰው በቆሎ የምትጠብሰው እናት አይደለችም፤ መስኮቱን ዘግቶ በአጠገቧ የሚያልፈው ነው። ቀድሞ የገቡት የጭነት መኪናዎች ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ በእኛ ሀገር መኪና እስኪያልቅ ድረስ ይጠገናል እንጂ አይጣልም። የነዳጅ ደረጃ ሲሻሻል ጥቅሙ መኪና ለገዛው ብቻ አይደለም፤ ያው አሮጌ መኪና ንጹሑን ነዳጅ በቀዳበት ቀን ከድኙ የሚመጣው መርዝ ያን ዕለት ይቀንሳል። ጥላሸቱ ጥገና ይጠብቅ ይሆናል፤ ድኙ ግን ማንንም አይጠብቅም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ጋራ ቤታችን በጻፉት መልእክት የምድር ጩኸትና የድኾች ጩኸት የተለያዩ እንዳልሆኑ አስገንዝበዋል። የሕፃን ሳንባ እስከ 2030 ወይም እስከ 2040 ሊቆይ አይችልም፤ የሚያድገው አሁን ነው። መድኃኒቱ ቅርብ ሆኖ ሳለ የሩቁን መጠበቅ ትዕግሥት አይባልም።

የራሳችን መኪና

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ለኅሊናችን ያልተመቸ አንድ ነገር ነበር። ለአገልግሎት የምንጠቀምበት አሮጌ የናፍጣ መኪና አለን። ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ ያለውን መንገድ ታጨልማለች። መካኒኩ ፖምፓው መስተካከል እንዳለበት ከነገረን ሁለት ክረምት አልፏል። ገንዘቡ ለሌላ ሥራ ዋለ፤ ሥራውም መልካም ሥራ ነበር። ሕሙማንን ለመጎብኘት ስንሄድ በመንገድ ዳር ያሉትን እያሳመምን እንሄድ እንደነበር ግን አላሰብንም። መልካም ዐላማ የጭስ ማውጫን አያጠራም። በዚያች እሑድ ጥያቄውን ከሰማን በኋላም ቢሆን መኪናዋን ጋራዥ ያስገባናት ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ነው። ይህን የምንናገረው ሌላውን ከመጠየቃችን በፊት የራሳችን ድርሻ እንዲታወቅ ብለን ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ ዝምታችን ነው። ወረዳው ነዋሪውን ሲሰበስብ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ቤት እንናገራለን፤ ስለ አየር ግን ተናግረን አናውቅም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ አባቶች። ጭስ ግን ዝም ባለም አፍ ይገባል። እኛ ያልጠየቅነውን አስተዳደር አልደገፈም ብለን ልንወቅሰው አንችልም። አስተዳደሩም ያልመሰከረለትን ነገር የበላዩ አልሰማም ብሎ ሊያማርር አይችልም። እያንዳንዱ የሌላውን ዝምታ ለራሱ ዝምታ ምክንያት ሲያደርግ፣ ጭሱ ባለቤት አልባ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ ለዚያች እናት መልሳችን ይህ ነው። ጭሱ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ግን አንድ አይደለም። በግዢው ውል ላይ ቍጥር የሚጽፈው ከሁሉ ይበልጣል፤ ከሁሉ የበለጠ መምረጥ ይችላልና። ባለንብረቱ ስለ ሞተሩ፣ ነጋዴው ስለ ማደያው፣ መርማሪው ስለ ማኅተሙ ይጠየቃሉ። የክፍለ ከተማውና የወረዳው አስተዳደር በእጁ ስላለው ሥራ፣ ደግሞም በእጁ ስለሌለው ምስክርነት ይጠየቃል። እኛም ስለ መኪናችንና ስለ ዝምታችን። አቤት የሚባለውም በመጀመሪያ ቅርብ ላለው ነው፤ እርሱም ወደሚቀጥለው ያደርሰዋል፤ ካላደረሰም ለምን አላደረስህም ተብሎ ይጠየቃል።

ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው የወረዳ ስብሰባ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ስለ ነዳጅ ደረጃ ቢጠይቅ ሰብሳቢው ሊደነቅ ይችላል፤ ጥያቄው የእኔ አይደለም ሊልም ይችላል። ያን ጊዜ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልን እንበል። ያቺ እናት ስብሰባው ባለበት ቀን ሥራዋን ትታ መምጣት ባትችልም፣ ልጇን ለአንድ ቀን የምንጠብቅላት፣ በቆሎዋንም የምንጠብስላት ብንሆን ራሷ መጥታ ትናገራለች። ከእኛም ይልቅ እርሷ ብትናገረው ይሻላል።